«እስራኤል ሁሉ ይድናል»፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ስለ እስራኤል መዳን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ እስራኤል፣ ማለትም ከኢትዮጵያ አይሁድ፣ የሚያውቀው ሰው አለው። አብሮት የተማረ ልጅ። የእናቱን ጀበና የሠራች ሴትዮ። አሁን እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ወይም ኔታንያ የሚኖር፣ ለበዓል ስልክ የሚደውል የድሮ ጎረቤት።

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት የጳውሎስን መልእክታት አስተምራለሁ። ሮሜ 11 ላይ ስንደርስ ሁሌም ሰዓት ያልቃል። የቀረው ጥያቄ በር ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ቡና ላይ ይከተለኛል። ግማሹን የሚጠይቀኝ የእህቴ ባል ነው። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ከታች ያለው የአንድ አስተማሪ መልስ ነው፤ የየኔታ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከየትኛው ጥቅስ ነው?

ከሮሜ 11፥25-26። «የአሕዛብ ሙላት እስኪገባ ድረስ ድንዛዜ በእስራኤል በአንዳንድ በኩል ሆነበት። እንደዚሁም እስራኤል ሁሉ ይድናል» ይላል። ጳውሎስ ይህን «ምሥጢር» ብሎ ነው የጠራው። ቀጥሎ ኢሳይያስ 59ን ይጠቅሳል፦ «መድኃኒት ከጽዮን ይወጣል»።

ሌሎቹ ትንቢቶች በዙሪያው ይሰለፋሉ። ኤርምያስ 31 ስለ አዲስ ኪዳን፣ ሕዝቅኤል 37 ስለ ደረቁ አጥንቶች፣ ሆሴዕ 3 ያለ ንጉሥና ያለ መሥዋዕት ስለሚቆየው ሕዝብ፣ ዘካርያስ 12 የወጉትን አይተው ስለሚያለቅሱት። ግን ክርክሩ ሁሌም የሚመለሰው ወደዚያች አጭር ዐረፍተ ነገር ነው።

«እስራኤል ሁሉ» ማን ነው?

ጎንደሬ ስለሆንኩ በትርጓሜ ቤቱ አካሄድ ልሂድ። ላይ ቤትና ታች ቤት በሚባሉት በሁለቱም የመጽሐፍ ትርጓሜ ትምህርት ቤቶች፣ አንድ ንባብ ሲፈታ «አንድም» እየተባለ ሁለት ሦስት ፍቺ ጎን ለጎን ይሰጣል። አንዱ ስለተነገረ ሌላው አይሻርም። እኔ የተዋስኩት አካሄዱን ብቻ ነው፤ ፍቺዎቹ ከተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡ ናቸው።

እስራኤል ሁሉ ያለው ቤተ ክርስቲያንን ነው። ከአይሁድም ከአሕዛብም ያመነ ሁሉ እስራኤል ዘነፍስ ይባላል። ይህን የሚሉ ገላትያ 6፥16ን ይጠቅሳሉ፤ እዚያ «የእግዚአብሔር እስራኤል» የሚል ቃል አለ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መምህሩ ካልቪን ጥቅሱን የፈታው በዚህ መንገድ ነው።

አንድም፣ ከአይሁድ ወገን በየዘመኑ ያመኑት ሲደመሩ ነው። ከሐዋርያት ጀምሮ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይገባሉ። በመጨረሻ ከተመረጡት አንድ የሚጎድል የለም። ጳውሎስ ራሱ ሮሜ 9፥6 ላይ «ከእስራኤል የሚወለዱ ሁሉ እነዚህ እስራኤል አይደሉምና» ብሏል። ሆላንዳዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ሄርማን ባቪንክ ይህን ይዟል።

አንድም፣ እስራኤል ዘሥጋ፣ የያዕቆብ የሥጋ ዘር ነው። ሕዝቡ በዘመን ፍጻሜ በብዛት ወደ ክርስቶስ ይመለሳል። ይህ አዲስ ፈሊጥ የሚመስላቸው አሉ። ግን በጣም የቆየ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ኤልያስ መጥቶ አይሁድን ወደ እምነት እንደሚያመጣ አስተምሯል። አውግስጢኖስም በሚልክያስ መጨረሻ ላይ ያለውን የኤልያስን ትንቢት በዚሁ መንገድ ፈትቶታል። ቄርሎስ ዘእስክንድርያም እስራኤል ከአሕዛብ በኋላ እንደሚድን ጽፏል። እኛ ቤት ደግሞ ኤልያስና ሄኖክ በሐሳዊ መሲሕ ዘመን መጥተው እንደሚያስተምሩ ከልጅነት ጀምሮ እየሰማን ነው ያደግነው። ከኤልያስ መምጣት ጋር የተያያዘው ተስፋ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

አንተ የቱን ትይዛለህ?

ሦስተኛውን። ምክንያቴ የሰዋስው ያህል ቀላል ነው። በዚሁ ምዕራፍ ቁጥር 7 ላይ «እስራኤል» ያለው የሥጋ ዘሩን ነው። ቁጥር 25 ላይ ድንዛዜ የያዘው እስራኤልም እሱ ነው። አንድ ጸሐፊ በአንድ ትንፋሽ፣ ቁጥር 26 ላይ ሲደርስ፣ ሳይናገር የቃሉን ፍቺ ይለውጣል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

እስራኤል ዘነፍስ የሚለውን ትምህርት ግን አልጥልም። ሌላ ቦታ እውነት ነው። እዚህ ቦታ ላይ ነው ያልገጠመኝ።

«ሁሉ» ሲል አንድ ሳይቀር እያንዳንዱ ሰው ነው?

አይመስለኝም። 1ኛ ነገሥት 12 ላይ «እስራኤል ሁሉ» ሮብዓምን ሊያነግሡ ወደ ሴኬም መጡ ይላል። ያ ማለት እያንዳንዱ አያትና ሕፃን ቤቱን ዘግቶ ሄደ ማለት አይደለም። እኛስ «ጥምቀት ለት ጎንደር ሁሉ ፋሲል መዋኛ ወጣ» እንል የለ? ሕዝቡ እንደ ሕዝብ ማለት ነው።

«እንደዚሁም» የሚለው ቃል ላይ ለምን ይህን ያህል ትቆያለህ?

ብዙው ስህተት እዚያች ቃል ላይ ስለሚበቅል። ሰው ሲያነብ ሳያውቀው «ከዚያ በኋላ» ብሎ ይሰማዋል። መጀመሪያ አሕዛብ ይገባሉ፣ ከዚያ ሰዓቱ ይደወላል፣ ከዚያ እስራኤል ይድናል። እንደ አውቶብስ መርሐ ግብር። ግሪኩ ግን ሁቶስ ነው የሚለው፤ በዋነኛነት «እንዲህ ባለ መንገድ» ማለት ነው። የአማርኛው ተርጓሚ «እንደዚሁም» ሲል በደንብ ነው የያዘው።

መንገዱስ ምን ዓይነት ነው? ጳውሎስ ከፍ ብሎ ነግሮናል። የእስራኤል መሰናከል ለአሕዛብ በር ከፈተ። የአሕዛብ መግባት ደግሞ እስራኤልን ያስቀናል። በቅናቱ ይመለሳሉ። ዙሪያ ጥምጥም ነው። አንዱ ሌላውን ካልያዘ አይገባም።

ስለ ጽዮንም አንድ የሚገርም ነገር አለ። በዕብራይስጡ ኢሳይያስ አዳኙ «ወደ ጽዮን» ይመጣል። ሰብዓ ሊቃናት በሚባለው የግሪክ ትርጉም «ስለ ጽዮን» ነው። ጳውሎስ ግን «ከጽዮን» አለ። ለምን እንደለወጠው ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። እኔ ይህን ሳነብ ትንቢትን እንደ ሒሳብ ቀመር ለሚተነትኑ ሰዎች አዝንላቸዋለሁ።

ጳውሎስ ይህን ለማን ነው የጻፈው? ለአይሁድ?

አይ። ይህን ነው ሰው የሚዘለው። ቁጥር 13 ላይ «ለእናንተም ለአሕዛብ እናገራለሁ» ይላል።

ታሪኩን እንይ። ቀላውዴዎስ ቄሣር እ.ኤ.አ. በ49 አካባቢ አይሁድን ከሮም አስወጣ። አቂላና ጵርስቅላ ቆሮንቶስ የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐዋርያት ሥራ 18 ይነግረናል። የሮም ቤተ ክርስቲያን ያኔ በአሕዛብ እጅ ቀረች። ቀላውዴዎስ ሲሞት አይሁድ ክርስቲያኖች መመለስ ጀመሩ። ጳውሎስ መልእክቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ57 አካባቢ ነው። ቤቱን ለብቻቸው የለመዱት ሰዎች የተመለሱትን እንዴት አድርገው እንዳዩዋቸው መገመት አይከብድም። «እግዚአብሔር እነሱን ትቶ እኛን ይዟል» የሚል ወሬ ሳይኖር አይቀርም። ጳውሎስም «እግዚአብሔር ሕዝቡን ጣላቸውን?» ብሎ ጠይቆ ራሱ «አይደለም» ይላል።

ከዚያ የወይራውን ምሳሌ ያመጣል። ይህ ምሳሌ ለእኛ አገር ሰው ይገባል። ጳውሎስ ያሰበው መልካም ወይራ ዘይት የሚሰጠው ነው። የኛ ወይራ የዚያ የዱር ዘመድ ነው። ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ለዘይት ብሎ የሚተክለው የለም። የምንወደው ለጢሱ ነው፤ እንስራና የወተት ዕቃ ለማጠን። ስለዚህ «አንተም የበረሃ ወይራ የሆንህ» ሲል ጫካ ሄደን ቆርጠን የምናመጣው ያ እንጨት ነው።

አትክልት የሚያዳቅል ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ማንጎም ይሁን ብርቱካን፣ መልካሙን ቅርንጫፍ ይቆርጥና በጠንካራው ግንድ ላይ ይሰካል። ጳውሎስ ገለበጠው። የዱሩ ቅርንጫፍ በመልካሙ ሥር ላይ ገባ። ከባሕርይ ውጭ እንደሆነ ራሱም ተናግሯል። ከዚያ «በቅርንጫፎች ላይ አትመካ፤ ብትመካባቸው ግን፥ ሥሩ አንተን ይሸከምሃል እንጂ ሥሩን የምትሸከም አንተ አይደለህም» አለ። የተቆረጡትን ደግሞ እግዚአብሔር መልሶ ሊያስገባቸው እንደሚችል ጨመረ። «እስራኤል ሁሉ ይድናል» የሚለው ከዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው፤ «ልባሞች የሆናችሁ እንዳይመስላችሁ» በሚል ማስጠንቀቂያ ተከፍቶ።

ኢትዮጵያ ራሷ ሁለተኛ እስራኤል አይደለችም እንዴ?

ይህ ጥያቄ በፋሲል ግንብ ጥላ ሥር ሲጠየቅ ክብደት አለው። ከተማዋን የሠሩት ነገሥታት ዘራቸውን ከሰሎሞን ይቆጥሩ ነበር። ክብረ ነገሥት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም እንደመጣች ይተርካል። ስለዚህ ቃል ኪዳኑ ወደኛ ዞሯል የሚል ስሜት በደማችን ውስጥ አለ። መዝሙረ ዳዊት 67 ላይ «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውም ሌት ተቀን በአፋችን ነው።

እኔ ይህን ትውፊት እወደዋለሁ። ግን ከሮሜ 11 ጋር ሳስተያየው አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ጳውሎስ «አትመካ» ያለው እንዲህ ዓይነቱን ስሜት ነው። «ዞረ» ማለትና «ገባን» ማለት ይለያያል። ደግሞ አሞጽ 9፥7 ላይ እግዚአብሔር እስራኤልን «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ይላቸዋል። ብዙ ጊዜ ለኩራታችን እንጠቅሰዋለን። ነቢዩ ግን የተናገረው መመረጣቸውን እንደ ዋስትና ለያዙት እስራኤል ነው፤ ኩራታቸውን ለመስበር።

እስራኤል አገር መሆኗ፣ የቤተ እስራኤል መሄድ፣ ይህ ትንቢቱ ተፈጸመ ማለት አይደለም?

ሦስት ነገሮችን ለያይተን እንይ። የእስራኤል መንግሥት የታወጀው ግንቦት 6 ቀን 1940 ዓ.ም. ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 ያህል ቤተ እስራኤልን በሱዳን በኩል አወጣ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ወሰደ።

ኢሳይያስ 11፥11 ጌታ የሕዝቡን ቅሬታ ከሚሰበስብባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ይጠራል። በዕብራይስጡ ኩሽ ነው፤ ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን ምድር የሚያመለክት ቃል። ለዚህ ነው የጎንደር ሰው ዘመቻ ሰሎሞንን ሲያስታውስ ኢሳይያስን የሚጠቅሰው። እኔም ስሰማ ልቤ ይነካል። በእግራቸው ሱዳን ለመግባት ሲሞክሩ በመንገድና በካምፕ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሆኑ ይገመታል። ይህን ጥቅስ ሲያነቡ የሄዱ ሰዎች ናቸው። እንዴት አይነካም?

ግን ወደ ምድር መመለስና መዳን በጳውሎስ ቋንቋ አንድ አይደሉም። ሮሜ 9 እስከ 11 ባለው ውስጥ ስለ መሬት አንድም ቃል የለም። «ከያዕቆብም ኃጢአተኝነትን ያስወግዳል» ነው የሚለው። መመለሱን የእግዚአብሔር እጅ እንዳለበት ማየት ይቻላል። የትንቢቱ ፍጻሜ ነው ብሎ መፈረም ግን ሌላ ድፍረት ይጠይቃል። እኔ አልፈርምም።

የእህቴ ባል ስለ ንጥቀትና ስለ ሰባት ዓመት መከራ ይነግረኛል። ከየት የመጣ ነው?

(የእህት ባል ያለው ሁሉ ይህን ጠይቆኛል፤ እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።)

ይህ ሥርዓት በ19ኛው መቶ ዘመን በሰባኪው ጆን ኔልሰን ዳርቢ ትምህርት የተስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የታተመው የስኮፊልድ ማጣቀሻ መጽሐፍ ቅዱስ አሜሪካን አዳረሰው። ከዚያ በሚሲዮንና በቴሌቪዥን እኛ ጋ ደረሰ። ፍሬ ነገሩ እግዚአብሔር ለእስራኤልና ለቤተ ክርስቲያን ሁለት የተለያየ ዕቅድ አለው ይላል። ቤተ ክርስቲያን ወደ ሰማይ ትነጠቃለች፣ እስራኤል በመከራ ውስጥ ታልፋለች፣ ከዚያ ሕዝቡ ክርስቶስን ይቀበላል፣ ከዚያ ሺህ ዓመት።

ጥሩ ጎኑን ልናገር። ከትንቢቶቹ ላይ «ለእስራኤል» የሚለውን ጨክኖ አልሰረዘም። የማይዋጥልኝ ግን አንዱን ወይራ ሁለት ዛፍ ማድረጉ ነው። ጳውሎስ አንድ ሥር ነው ያለው። ሁሉም ጴንጤ ደግሞ ይህን አይከተልም፤ የእህቴ ባል ወንድም ራሱ ሉተራዊ ነው፣ ስለ ንጥቀት ሲነሳ ቡናውን ይዞ ወደ በረንዳ ይወጣል።

በራእይ 7 ከታተሙት 144,000 ውስጥ ነገደ ዳን የለም። ቤተ እስራኤል ግን ነገደ ዳን ናቸው ይባላል። ታዲያ ቀሩ ማለት ነው?

ይህን የጠየቀኝ የ12ኛ ክፍል ልጅ ነው፤ አድንቄዋለሁ። እውነት ነው፣ የአይሁድ ረቢዎች ቤተ እስራኤልን ከዳን ነገድ ይቆጥሯቸዋል። ረቢ ዖቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 አይሁድነታቸውን ሲያጸኑ የተደገፉት በዚህ የቆየ ውሳኔ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የእስራኤል መንግሥት አይሁድ ወደ አገሩ እንዲገቡ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እነሱንም እንዲያካትት አደረገ።

ከጥንት አባቶች ሄሬኔዎስ ዳን ከዝርዝሩ የወጣው ሐሳዊ መሲሕ ከእሱ ስለሚወለድ ነው ብሏል። ይህ ግምት ነው። ራእይ 7 ኤፍሬምንም በስሙ አልጠራውም። ወደ ሕዝቅኤል 48 ሂዱ። ምድሪቱ ስትከፋፈል ቁጥር 1 ላይ የመጀመሪያውን ድርሻ የሚያገኘው ማን ነው? ዳን።

አይሁድ ያለ ክርስቶስ፣ በራሳቸው ኪዳን ይድናሉ የሚሉ አሉ?

አሉ። በተለይ ከናዚ ጭፍጨፋ በኋላ በምዕራቡ ዓለም ሁለት ኪዳን የሚባል ትምህርት ተነሳ። ክርስቲያን በክርስቶስ፣ አይሁዳዊ በሙሴ ኪዳን። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ክርስቲያን አውሮፓ ያደረገው ነገር የሚያሳፍር ነበርና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ አይሁድ ሁሉ በጌታ ሞት በጅምላ እንዳይከሰሱ ወሰነች። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቫቲካን የወጣ ሰነድም ቤተ ክርስቲያኗ አይሁድን ለመለወጥ የተቋቋመ ልዩ የሚሲዮን ሥራ እንደሌላት ገልጿል። ያም ሆኖ ሁለት የመዳን መንገድ አለ አላለም።

ጳውሎስም የሚለው አይመስለኝም። ሮሜ 10 ላይ ለእስራኤል መዳን እንደሚጸልይ ይናገራል። ቀድሞ የዳነ ሰው እንዲድን አይጸለይለትም።

መቼ ይሆናል?

አይታወቅም።

ግን ስለ «መቼ» አንድ የአገራችን ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሃሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ጊዜው ደርሷል ብለው ሕዝባቸውን አስከትለው ከዚህ አካባቢ ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈላል ብለው አምነው ነበር። ትግራይ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ጨረሳቸው። ብዙው እዚያው ቀረ። ጥቂቱ ተመለሰ። የ122 ዓመት ልዩነት ነው ከዚያ እስከ ዘመቻ ሙሴ። ቀን የሚቆርጥ ሰባኪ በሰማሁ ቁጥር አባ መሃሪን ተከትለው የሄዱት እናቶች ይታዩኛል።

የፈረንጅ ሚሲዮኖች ጎንደር የመጡት በዚህ ትንቢት ምክንያት ነው ይባላል። እውነት ነው?

በአብዛኛው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1809 አይሁድን ወደ ክርስትና ለማምጣት አንድ ማኅበር ተቋቋመ። ከደጋፊዎቹ ብዙዎቹ የእስራኤል መመለስ የጌታን ዳግም ምጽአት ያቀርባል ብለው ያምኑ ነበር። ማኅበሩ ሄንሪ አሮን ስተርንን ላከ፤ እሱ ራሱ ከአይሁድ የተወለደ ነበር። ዮሐን ማርቲን ፍላድም በዚሁ በእኛ አካባቢ ብዙ ዓመት ሠራ። አፄ ቴዎድሮስ የፈቀዱት ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ያመነው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ። ስለዚህ ፈረንጁ ሰበከ፣ የእኛ ቄስ አጠመቀ። በኋላ ስተርን ታሰረ፤ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ነው።

ዛሬ ፈላሽ ሙራ የምንላቸው፣ አያቶቻቸው በዚያን ዘመንና ከዚያም በኋላ የተጠመቁ ናቸው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ወደ እስራኤል ለመሄድ አሥርና ሃያ ዓመት የጠበቁ ቤተሰቦች አሉ። ለአይሁድ ክርስቲያን ሆኑባቸው፣ ለክርስቲያን አይሁድ። «እስራኤል ሁሉ» የሚለው ቃል እነሱ ሰፈር ሲነበብ ድምፁ ይለያል።

አይሁድ ራሳቸው እነዚህን ትንቢቶች እንዴት ያነቧቸዋል?

ጳውሎስን አይቀበሉም፣ ስለዚህ ጥያቄው በዚህ መልክ አይነሳላቸውም። ኢሳይያስንና ዘካርያስን ግን ያነባሉ፤ የሚጠብቁት መሲሕም ገና አልመጣም። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ፣ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም እያዞሩ ይጸልዩ ነበር። ሲግድን ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ከማስተሰረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ተራራ ላይ ወጥተው፣ እንደ ነህምያ ዘመን ሕጉን አንብበው፣ ኪዳናቸውን ያድሳሉ። እዚህ አምቦበር ላይ ይደረግ የነበረው አሁን ኢየሩሳሌም ሆኗል፤ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮም በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ነው።

ይህን ሁሉ የሚያምን ሕዝብ ጎረቤቱን እንዴት «ቡዳ» አለ?

ይህን ማንም በር ላይ ቆሞ አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።

አያቴ በጎንደር አጠገብ ካለችው የቤተ እስራኤል መንደር ከወለቃ የምትመጣ ሸክላ ሠሪ ደንበኛ ነበረቻት። ምጣዱ ከእሷ፣ ጀበናው ከእሷ። ቅዳሜ የጎንደር ገበያ ቢሆንም እሷ ቅዳሜ አትመጣም፤ ሰንበቷ ነው። ሰኞ ማክሰኞ በእግሯ ትመጣለች። ውሃ ብትሰጧት አትጠጣም፤ በሕጋቸው የእኛን አይቀምሱም። አያቴ ታከብራት ነበር። ዋጋ አትከራከራትም። ግን እኛ ልጆች እንጀራ ይዘን ከተገኘን «ወደ ጓዳ ግቡ» ትለናለች። ዓይን ነዋ። ሴትዮዋ ሰምታ ይሆን? ሳትሰማ አትቀርም፤ ቤቱ አንድ ክፍል ነበር።

አያቴ ዳዊት የምትደግም ሰው ናት። በየቀኑ «እስራኤል» የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ትጠራለች። ሁለቱ እስራኤሎች ግን በጭንቅላቷ ተገናኝተው አያውቁም። አንዱ በመጽሐፍ ያለ የከበረ ነው፣ ሌላው በር ላይ ሸክላ ይዞ የቆመ ነው። «ጌታን የሰቀሉ» የሚለው ደግሞ ከዚያ ላይ ይጨመር ነበር። ነገሩ የቆየ ነው። በታሪክ እንደሚነገረው አፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተጠመቀ ርስት ይያዝ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለዋል። ርስት የሌለው ሰው ወደ ብረትና ሸክላ ሄደ። ብረትና ሸክላ የሠራውን ደግሞ ቡዳ አልነው። «ፈላሻ» የሚለውን ቃል ዛሬ የማልጠቀመው ለዚህ ነው፤ ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው።

በ1977 አንድ ሰሞን ሴትዮዋ ሳትመጣ ቀረች። አያቴ ሁለት ሳምንት ጠበቀች፣ ከዚያ ሰው ላከች። ቤቱ ባዶ ነው አሏት።

ጳውሎስ እስራኤልን «ያስቀናል» ያለው የአሕዛብ ሕይወት ነው። በኛ ቤት ያቺን ሴትዮ ሊያስቀናት የሚችል ምን እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እስካሁን አላገኘሁም።

ይህን ትንቢት ካመንኩ የእስራኤልን መንግሥት በሁሉም ነገር መደገፍ አለብኝ?

የለብህም። ነቢያቱ ራሳቸው የእስራኤልን ነገሥታት ፊት ለፊት ይገሥጹ ነበር። እዚያ አገር ውስጥ ደግሞ ፍልስጤማውያን ክርስቲያኖች አሉ፤ የኛም መነኮሳት በኢየሩሳሌም ዴር ሱልጣን ይኖራሉ። ሮሜ 11ን የምርጫ ካርድ አታድርጉት።

ራሴ ላንብበው ብል ከየት ልጀምር?

ከ11፥26 አትጀምሩ። ከ9፥1 ጀምሩ። እዚያ ጳውሎስ በልቡ ብዙ ኀዘንና የማያቋርጥ ጭንቀት እንዳለበት ይናገራል፤ ለወንድሞቹ ሲል እሱ ከክርስቶስ ተለይቶ የተረገመ ቢሆን እንኳ ይመኛል። ያንን ሳያነቡ ስለ ፍጻሜ ዘመን የሚናገሩ ሰዎች ለምን ድምፃቸው ደረቅ እንደሆነ ይገባችኋል።

ሦስቱን ምዕራፍ በአንድ መቀመጫ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የኔ ዘዴ እንዲህ ነው፦ አቦል ላይ 9ን፣ ቶና ላይ 10ን፣ በረካ ላይ 11ን። የእህቴ ባል ካለ ግን ሌላ ጀበና ጣዱ።